የማይመጡበት ሰዓት

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የዋይፋዩ ሳጥን መብራቶች አራቱም አረንጓዴ ሆነው በርተዋል። ዙቤዳ ዓይኗን አጥብባ አየቻቸው። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ጨዋ የሚሆን ልጅ መሰሏት።

«ይኸው እናቴ፣ ይበራል» አለ ቱፋ፣ ስልኩን ወደ እሷ አዙሮ። ከኢንተርኔት ቢሮው የተላከ ቴክኒሺያን ነው። በስልኩ ላይ የከፈተው ቪዲዮ አንዴም ሳይቆም ይሄዳል።

«አሁንማ ይበራል። እኔ ቀን ቀን ተበላሸ ብያለሁ? ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ነው ያልኩህ። ሦስቴ መጣህ፣ ሦስቴም በቀን!»

«እኛ እኮ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሥራ የለንም።»

«እንግዲያው ለሳጥኑ ንገረው፤ በሥራ ሰዓት ይታመም!»

ልጇ ሙቢና መጋረጃው አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን ትነክሳለች። በሂሳብ አያያዝ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሁለቱንም ዓመት ሥራ ስትፈልግ ነው የከረመችው። ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በኮምፒውተር ቃለ መጠይቅ አለባት። ጠያቂዎቿ ባሉበት አገር ያን ጊዜ ገና ቀን ነው። ባለፈው ሐሙስ ስሟን ተናግራ ሳትጨርስ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀርቷል። ሰዎቹ አንድ ዕድል ጨምረውላታል። ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማይኖር ግን በጨዋ ቋንቋ ጽፈውላታል።

ዙቤዳ ደብተሯን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ቁቤ፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ መማር ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። በደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ የአሥራ ሁለት ቀን ሰዓት፣ ከየሰዓቱም ጎን ስክሪኑ ላይ ያየችው በአንዳንድ ቃል ተጽፏል። ደህና። ደህና። ይሽከረከራል። ይሽከረከራል። ደህና። ቱፋ አንዱን ገጽ አየት አደረገና ሳይገልጥ መልሶ አስቀመጠው። እሷም ደሟ ፈላ። እያንዳንዷን ቃል ስትጽፍ ጣቷ እስኪደነዝዝ ነበር የታገለችው።

«ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?»

«እኔና ልጄ።»

«ታዲያ እነዚህ ሰባት ስልኮች የማን ናቸው?»

ዙቤዳ ወደ አጥሩ አየች። የማን እንደሆኑ ታውቃለች። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት፣ አብረዋት የሚማሩት ጎረቤቶቿና የቤተሰቦቻቸው ናቸው። አስተማሪው ትምህርቱን በድምፅ ቀድቶ በስልክ ይልካል። ፓስወርዱን ከደብተሯ ቀድታ፣ በገዛ እጇ ጽፋ የሰጠቻቸው እሷ ናት። በሕይወቷ ሰው ጻፊልኝ ብሎ ሲለምናት የመጀመሪያዋ ነበር። እንዴት እምቢ ትበል?

«አገኘነው በቃ» አለ ቱፋ። ከቦርሳው ቅጽ አውጥቶ ሞላና ከቀለሙ ጋር አቀረበላት። «እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉልኝ።»

ባለፉት ሁለት ጊዜያት አሳርፋለች። ሰው ቆሞ እየጠበቃት ፊደል መቁጠር አሳፍሯት ነበር። ዛሬ ግን ቀለሙን ገፋ አድርጋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ድምፅዋን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ቱፋ ሰዓቱን አየ። እሷ አልቸኮለችም።

«ችግሩ... ተፈቷል። ደንበኛዋ... ረክታለች።» ቀና አለች። «ማን ናት የረካችው?»

«ቅጹ ነው እንዲህ የሚለው፣ እናቴ።»

«ያለፉት ሁለቱም?»

ቱፋ እስክሪብቶውን መክደን ጀመረ። ሁለት ጊዜ በጣቷ ረክቻለሁ ብላለች ማለት ነው። ንዴቱ ከእግሯ ተነስቶ ጆሮዋን አጋለው። ከሱ ይልቅ በራሷ አፈረች፤ ይህ ደግሞ ንዴቱን አባሰው። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደችና ከጽሑፉ ሥር በትልልቅ ፊደል ጻፈች፦ አንድ ሰዓት። ና። እይ።

«አሁን ፓስወርዱን ቀይረው» አለችው። «ሰባቱንም አውጣቸው። ማታ ከኛ በቀር ማንም አይኖርም። ያኔም ከተሽከረከረ ደውዬ አስመጣሃለሁ።»

«እማ!» አለች ሙቢና። «እነ ውድነሽስ?»

«ለውድነሽ እኔው እነግራታለሁ።»

ጎረቤቷ ውድነሽ አጥሩ ሥር ልብስ ታሰጣ ነበር። ነገሩን ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ የስልኳን ሽፋን ፈልቅቃ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጣች።

«በእጅሽ ጽፈሽ የሰጠሽኝ ናት። እንቺ» አለች። «የዛሬውን ትምህርት እንግዲህ በግድግዳው በኩል ጮኸሽ ታሰሚኛለሽ።»

ዙቤዳ ወረቀቷን ጨብጣ ተመለሰች። ለልጄ ስል ነው፣ ለልጄ ስል ነው እያለች እስከ በሯ ሄደች።

መግሪብ ተሰግዶ አንድ ሰዓት ሆነ። ሰባቱ ስልኮች የሉም። ኮምፒውተሩ ብቻ በገመድ ከሳጥኑ ጋር ተገናኝቷል። ሙቢና ልትሞክረው ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ ያቺው የመጠበቂያ ክብ መጣችና መሽከርከር ጀመረች።

ዙቤዳ ስልኩን አንስታ ለቱፋ ደወለች። «ሰባቱን አስወጥቼ፣ ጎረቤቴን አስቀይሜ፣ ይኸው ይሽከረከራል! አሁን ካልመጣህ ነገ ቢሮህ በር ላይ ቆሜ ይህን ደብተር ለመንገደኛው ሁሉ አነባለሁ፣ ወላሂ!»

ቱፋ በቤት ልብሱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጣ። ዋይፋዩን አጠፋና ገመዱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። ለካ። ደግሞ ለካ። የመስመሩን ፍጥነት ለሦስተኛ ጊዜ ሲለካ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ከቤት አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «የመንገዱ ሳጥን ነው። ከዚህ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው ሁሉ አንድ መስመር ላይ ነው። ማታ ሁሉም ሲከፍት አይበቃም።» ደብተሯን አንስቶ አሁን ገጽ በገጽ ገለጠው። «ይህን ይስጡኝ፤ ነገ ለአለቃዬ ላሳየው።»

«እኔው አመጣዋለሁ። ዛሬስ?»

«ዛሬ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ሙቢና ለቃለ መጠይቁ የለበሰችውን ነጭ ሸሚዝ ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

«እንዳትፈቺው!» ብላ ዙቤዳ ሻሿን አጠበቀችና ወጣች።

ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ፊቷን ገረፋት። መንገዱ ላይ ከወዲህም ከወዲያም የመስኮቶቹ ሰማያዊ ብርሃን ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የውድነሽን በር መታች። «ኢንተርኔታችሁን ለአንድ ሰዓት ዝጉልኝ እያልኩ ልለምን ነው የወጣሁት» አለች፣ የመንገዱን ሳጥን ነገር እየተንተባተበች አስረድታ።

«እኔ ምን አለኝና ልዝጋ? አንቺው ዘግተሽዋል።»  ውድነሽ ግን ጋቢዋን ከበሩ ጀርባ አወረደች። «የወዲያኛውን ረድፍ እኔ እይዛለሁ። አንቺ ግን ሰዎቹ ላይ አትጩሂ፤ የምትለምኚው አንቺ ነሽ። የኛን ነገር ነገ እንነጋገራለን።»

አንዳንዱ ሳይጠይቅ አጠፋ። አንዱ ሰውዬ ኳሱ ሊጀምር ነው ብሎ ተከራከረና ሚስቱ ከውስጥ አጠፋችበት። ከወዲያኛው ረድፍ የውድነሽ ሳቅና የበር ድምፅ ይሰማል። ሰማያዊው ብርሃን ከመስኮት መስኮት እየጠፋ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወረደ።

ዙቤዳ እያለከለከች ተመልሳ መስኮቷ ሥር ቆመች። ቱፋ ገመዱን ለሙቢና መልሶ ሰክቶላታል፤ እሱ የራሱን ኮምፒውተር ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ በዋይፋይ የመስመሩን ፍጥነት ያያል። ከውስጥ የሙቢና ድምፅ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ቃሉ አይገባትም፤ አለመቆረጡ ግን ይገባታል። ድምፁ ሄደ፤ ጥያቄ መጣ፤ ድምፁ ደግሞ ሄደ።

በዚህ መሐል ቱፋ ቀና ብሎ ወደ መንገዱ ጫፍ አየ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አንድ መስኮት ሰማያዊ ሆነ። ከጎኑም ሌላው።

ዙቤዳ ቀሚሷን ሰብስባ ያዘችና ቁልቁል መሮጥ ጀመረች።