መለያ የሌለው ሁሉ ወደ እኛ

በዚያ ዓመት ነዳጅ ጠፋ። ከዕቃ ማጓጓዣ ድርጅታችን ሠላሳ ስድስት የጭነት መኪኖች የሚንቀሳቀሱት ዘጠኝ ነበሩ። የቀሩት ግቢው ውስጥ ቆመው ጎማቸው ተኛ። ደመወዝ ሁለት ጊዜ ዘገየ፤ በሦስተኛው ግማሹ ተከፈለ። የግቢው ሻይ ቤት ተዘጋ። ከጫኝና አውራጆቹ አሥራ ስምንቱ ተሰናበቱ። አንደኛው የሥራ ጫማውን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቶ ሄደ። ጫማው ወደ እኛ መጣ፣ መዘገብነው።

እኔ የምሠራው የጠፋ ዕቃ ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል፤ የቆየሁት በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት፣ አራት መደርደሪያ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ሰው አለው። ኃላፊዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ሻለቃ ይሏታል። ወታደር ሆና አታውቅም፤ አነጋገሯ ነው ያሾማት። መለያ ወረቀቱ የተቀደደ ጥቅል፣ ተቀባይ ያልመጣለት ሣጥን ወደ እኛ ይላካል። ከፍተን እናያለን፣ ባለቤቱን እንፈልጋለን። ከአሥሩ የሰባቱን እናገኛለን።

ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ። አንድ ቀን ልጅህ ታሟል፣ ሆስፒታል ገብቷል ብለው ጠሩኝ። ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። በሩን ሳልቆልፍ ሮጥኩ። በማግስቱ ስመለስ አንድ ሣጥን የለም። የሐኪም መሣሪያ ነበረበት፤ ዋጋው የእኔን የስድስት ዓመት ደመወዝ ያህላል። ሌባ ተባልኩ። ሣጥኑን እንዳመጣ አርባ ቀን ሰጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ፖሊስ ነው።

ሻለቃ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች። በደንብ እንኳን አንተዋወቅም። ለየቅርንጫፉ ጻፈች። በዕረፍት ቀኗ ሾፌር አጠገብ እየተቀመጠች ሦስት ቅርንጫፍ ሄደች። በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ከጆንያ ሥር አገኘችው። ጫኞቹ ተሳስተው ሌላ መኪና ላይ ጭነውት ነበር።

“ምን ልክፈልሽ?” አልኳት።

“ገንዘብህን ያዝ። እኔም አንድ ቀን ይጠፋብኛል። ያን ቀን ትፈልግልኛለህ።”

“ምን ይጠፋብሻል?”

“እኔ ምን አውቄ! እስከዚያው መያዣ እይዛለሁ” አለችና ሳልቆልፈው የሄድኩትን ጓጉንቸር ከጠረጴዛው ላይ አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ጣለችው። ቀልድ ነበር። ግን አልመለሰችውም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ቀረ።

በነዳጁ ዓመት ከአስተዳደር ደብዳቤ መጣ። ከሚያስገባው በላይ የሚያወጣ ክፍል ይዘጋል ይላል። ሻለቃ አነበበችና ወደ እኔ ገፋችው።

“እኛን አይመለከትም” አልኩ። “የእኛ ወጪ ወረቀትና ሙጫ ነው።”

“ገልብጠው።”

ከጀርባው ሠንጠረዥ አለ። የኮምፒውተር ኪራይ፣ በየክፍሉ። ከሁሉም የበለጠው ቁጥር ከእኛ ስም ፊት ተቀምጧል። ከመጋዘኑም ከጥቅል መልእክቱም ይበልጣል።

“አንድ ኮምፒውተር ነው ያለን” አልኩ። “እሱም ‘ሀ’ን ሲጫኑት የሚያስበው ቆም ብሎ ነው።”

አልሳቀችም። ጡረታዋ ሊሞላ አሥራ አራት ወር ቀርቷታል። ክፍሉ አሁን ከተዘጋ የምታገኘው ግማሹን ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ውሳኔው ሐሙስ ነው፤ ቀኑ ሰኞ ነበር።

“ቆይ እስቲ፣ ልጠይቅ” ብዬ ወጣሁ።

ሠንጠረዡን የሠራችው ለሦስት ወር የተቀጠረች ባለሙያ ናት። ወጣት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። የቀድሞው ሒሳብ ሹም ክፍል ውስጥ ሁለት ስክሪን ይዛ ተቀምጣለች።

“አባባ፣ ይግቡ። መብራት ጠፋ ሊሉኝ ነው?”

“አይደለም። ያልበላሁትን ክፈል ተብዬ ነው።”

ወንበር ሰጠችኝ። ነገሩን አስረዳችኝ። ድርጅታችን የራሱ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሉትም። ሩቅ አገር ካለ አከራይ በኢንተርኔት ይከራያል፤ ክላውድ ይሉታል። ሥራ ኖረም አልኖረም፣ ካልተዘጋ በሰዓት ይቆጥራል። በወሩ መጨረሻ አንድ ድፍን ሒሳብ ይመጣል፤ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ አይናገርም። የእሷ ሥራ ለእያንዳንዱ የኪራይ ኮምፒውተር፣ ማሽን ነው የምትለው፣ የማን እንደሆነ የሚናገር መለያ መስጠት ነው። ማሽኖቹ ብዙ ስለሆኑ በእጅ አትለጥፍም። ሕግ ትጽፋለች፣ ሕጉ ይለጥፋል።

ሕጎቹን በወረቀት አትማ ግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች። ቀስ ብዬ አነበብኩ። ስሙ በ“መጋዘን” የሚጀምር ለመጋዘን ይሁን። በ“ጥቅል” የሚጀምር ለጥቅል መልእክት ይሁን። በ“መኪና” የሚጀምር ለመኪና ክፍል ይሁን።

“ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው” አለች። “አንዱ ማሽን ሲመጣ መጀመሪያ የገጠመው ሕግ ይይዘዋል። ያ ካልያዘው ወደሚቀጥለው ይወርዳል። ማንም ያልያዘው እታች ይደርሳል።”

እታች ያለችውን መስመር አየሁ። የቀረው ሁሉ ለጠፋ ዕቃ ክፍል ይሁን።

“ይህን ማን ነገረሽ?”

“ምክትል ሥራ አስኪያጁ። ባለቤት የሌለውን ነገር ምን ታደርጉታላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ደንቡን አውጥተው አሳዩኝ። አንቀጽ አሥራ ሁለት፦ መለያ የሌለው ሁሉ ወደ ጠፋ ዕቃ ክፍል ይላካል።”

አንቀጽ አሥራ ሁለትን በቃሌ እወጣዋለሁ። እሱን እየጠቀስኩ ከስንት ሰው ጋር ተጣልቼበታለሁ።

“የኔ ልጅ፣ የጠፋ ሣጥን ወደ እኛ ሲመጣ ባለቤቱን እንፈልግለታለን እንጂ ዋጋውን እኛ አንከፍልም።”

ጣቷ ከመጻፊያው ላይ ተነሳ። 

“እሱን አላሰብኩትም” አለች። “ግን ተፈርሞበታል፣ ብቻዬን ልነካው አልችልም። ባለቤት ያምጡልኝ። አንድ መስመር ነው፣ እዚሁ ቁጭ እንዳሉ እጽፈዋለሁ።”

“ስንት ናቸው?”

“አሥራ አንድ። የሠራቸው ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ለቋል። ስማቸው ደግሞ የቀልድ ነው፣ ምንም አይነግርም።”

“አንብቢልኝ።”

“ሙሽራ። አይደክሜ። ጠጋ በሉ። ዝሆኔ። አትቅደመኝ...”

“በቃ” አልኳት።

“ያውቋቸዋል?”

“ምንድን ነው የሚሠሩት?”

“በየሩብ ሰዓቱ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። አራቱ መልስ ያገኛሉ። ሰባቱ አያገኙም፣ እንደገና ይጠይቃሉ። ይሄው ነው። ሌት ተቀን።”

“ነገ እነግርሻለሁ” ብዬ ተነሳሁ።

ሙሽራን እኔ ጭኛታለሁ። ነጭ መኪና ነበረች፣ ኋላዋ ላይ ሾፌሩ በቀይ ቀለም ስሟን ጽፎባታል። አይደክሜ ዳገት ላይ የሚቆም ነበር፣ ስሙን ያወጡለት ሊያላግጡበት ነው። ዝሆኔ ከተሸጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የሄደው ባለሙያ ለእነዚህ አሥራ አንድ መኪኖች ለእያንዳንዳቸው አንድ ማሽን መድቦላቸው ነበር፣ የት እንዳለና ምን ያህል ነዳጅ እንደፈጀ የሚጠይቅ። ሰባቱ መኪኖች ተሸጡ። ማሽኖቹን የዘጋ የለም። ሌላ ሰው ግቢ የገባ መኪና የት ነህ እያሉ ይጠይቃሉ፣ ኪራዩ ይቆጥራል።

ለባለሙያዋ ያን ሰዓት ያልነገርኳት በአንድ ምክንያት ነው። የመኪና ክፍል ኃላፊ ልጄ ነው። ያ ትርፍ አንጀቱን የታመመው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጋራዥ ሄድኩ። ሞተር ላይ አጎንብሶ ነበር። ሲያየኝ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“አባዬ፣ በሰላም ነው?”

“ዝሆኔ የት ነው?” አልኩት።

“የቱ ዝሆኔ? የተሸጠው?”

“አዎ። አሁንም ኪራይ ይከፈልለታል።”

ጨርቁን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

“አውቃለሁ” አለ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ካቻምና። ልዘጋቸው አስቤ ነበር። ልነካቸው ፈራሁ፣ የሚሠሩት አራቱም አብረው የሚጠፉ መሰለኝ። በኋላ ይቺ ልጅ መጣች፣ ቀድሞ በግምት ይደርሰኝ የነበረው ሒሳብ ከእኔ ላይ ወረደ። ወጪ ቀነሰ ተብዬ በስብሰባ ተመሰገንኩ። ምን ልበል? አይ፣ አታመስግኑኝ ልበል?”

“ሒሳቡ የት እንደወረደ ታውቃለህ?”

“አባዬ፣ ሻለቃ ጡረታ ልትወጣ ነው። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ።”

“ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። ትንሿ ጥርሷ የወለቀው ቅዳሜ ነው።”

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። አንድ መካኒክ መፍቻ ሊጠይቀው መጣና ፊታችንን አይቶ ተመለሰ።

“ያን ሣጥን ታስታውሳለህ?” አልኩት።

“አንተ ነግረኸኛል።”

“ሻለቃ ያን ጊዜ ባትፈልግልኝ እኔ እስር ቤት ነበርኩ። አንተም ማንበብ የምትማርበት ደብተር የሚገዛልህ አልነበረም። እስከ ሐሙስ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ዝም አልልም። አንተ ብትናገረው ይሻላል።”

“ልጅህ ላይ ትመሰክራለህ?”

“እመሰክራለሁ።”

ወደ ሞተሩ ተመለሰ። እኔም ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ሻለቃ ምን እንዳገኘሁ ጠየቀችኝ። እየፈለግኩ ነው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም፤ የሥራችን ቋንቋ ነው። ረቡዕ ባለሙያዋ በስልክ ጠየቀችኝ። እስከ ሐሙስ ታገሺኝ አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት የክፍል ኃላፊዎች ተሰበሰቡ። እኔ አልተጠራሁም፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ምክትሉ አየኝ።

“ጋሼ፣ ምን ፈለጉ?”

“ባለቤት” አልኩ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ያስወጣኛል ብዬ ነበር፣ ግን ተወኝ።

ሠንጠረዡን አነበበ። የጠፋ ዕቃ ክፍል ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለረጅም ዘመን አገልግሎት ምስጋና የሚል ነገር ጀመረ። ሻለቃ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ልጄን አየሁት። ጠረጴዛውን ነው የሚያየው። ምክትሉ ወረቀቱን ሊገለብጥ ሲል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ።

ልጄ ቀና አለ። እኔን ሳይሆን ሻለቃን አየ።

“አሥራ አንዱ ማሽኖች የእኔ ክፍል ናቸው” አለ። “የመኪኖች ስም ነው ያላቸው። ሰባቱ መኪኖች ተሸጠዋል። አውቅ ነበር፣ አልተናገርኩም።”

 ከዚያ ምክትሉ ብዙ ተናገረ። ባለሙያዋ ግን እሱ እየተናገረ መጻፍ ጀምራ ነበር። ከሕጎቹ በላይ አንድ አዲስ መስመር ጨመረች፦ ስሙ ከእነዚህ አሥራ አንዱ አንዱ ከሆነ ለመኪና ክፍል ይሁን። ሰባቱ ማሽኖች በዚያው ቀን ተዘጉ። የሚሠሩት አራቱ ምንም አልሆኑም። የመጨረሻዋ መስመርም ተለወጠች። ማንም ያልያዘው ወጪ አሁን ለብቻው ይቀመጣል። ስም ዝርዝሩ በየሰኞው ወደ እኛ ይላካል፣ ባለቤቱን እንድንፈልግ። ሒሳቡ አይላክም፤ ክፍላችንም አልተዘጋም።

ልጄ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ የዓመቱ ጭማሪም ቀረበት። ከኃላፊነቱ አላወረዱትም። ለሦስት ሳምንት ቤቴ አልመጣም። በአራተኛው እሑድ ልጆቹን ይዞ መጣ፣ ስለ ጎማ ዋጋ አወራን።

ሻለቃ ያን ሐሙስ ከስብሰባው ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ጥቅል ተቀብላ መዘገበች። ቀጥላ መሳቢያዋን ከፈተች፣ ከሥር ያለውን ሁሉ አወጣች፦ ማህተም፣ ክር፣ የደረቀ ብዕር። ጓጉንቸሩን አገኘችውና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። ዝጎ ነበር።

“ውሰድ” አለች። “ጋሼ፣ ጨርሰናል።”

“ልጁ ነው የተናገረው።”

“አንተ ፈለግህ። እኔስ ያኔ ሣጥኑን ተሸክሜ አመጣሁልህ እንዴ? ያለበትን ነገርኩህ።”

መክፈቻውን ከኪሴ አወጣሁ። አልገባ አለ። ሻለቃ የመስኮቱን ማጠፊያ የምታለሰልስበትን ዘይት አቀበለችኝ። ሁለት ጠብታ አደረግኩ፣ ትንሽ ጠበቅኩ። በሦስተኛው ሙከራ ከፈተ።