ሰማንያ ስምንተኛዋ ፎቶ

ስሚኝማ፣ ካንቺ የምደብቀው የለኝም፤ ለቅሶ ቤት ሳቅኩ። ፈገግታ እንዳይመስልሽ! ሻርፔን አፌ ውስጥ ወትፌ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቅኩት። ጥፋቱ ደግሞ የአባባ አብዱረሂም ነው።

የአጎቴ የጋሼ ሳልህ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ስኳር በሽታ ነው የወሰደብን። ሸዋ ሮቢትን በግንቦት ታውቂያታለሽ አይደል? ድንኳኑ ሥር ተቀምጠን እንደ ሽሮ እንንተከተካለን። አንዷ ጎረቤት ሻይዋን ፉት ብላ፣ "ሳልህ እኮ በሕይወቱ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ አላህ ጀነትን ይወፍቀው" አለች። ይሄኔ አባባ አብዱረሂም ከምንጣፉ ቀና አሉ። የእናቴና የጋሼ ሳልህ አጎት ናቸው። ከአሊዩ አምባ በታች ባለው በረሃ የጠፋ ግመል በኮቴው ተከትሎ በማግኘት እሳቸውን የሚያህል የለም።

"ማን? ሳልህ?" አሉ። "ስምንት ዓመቱ ላይ የጠፋችውን ግመሌን ተከትለህ አምጣ ብዬ ብልከው የሰው አህያ እየጎተተ መጣ! 'ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምንድነች?' ስለው፣ 'አባባ፣ መንገዱ አድክሟት ከስታ ነው' አይለኝም!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ እንኳ እያለቀሰች ሳቀች።

ጋሼ ሳልህ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ሶቪየት ተምሮ ሲመለስ ዘመድ ሁሉ ፍሪጅ ሲጠብቅ፣ እሱ ሻንጣ ሙሉ ፎቶ ይዞ ዱብ አለ። ፎቶው ላይ ደግሞ ሰው የለም! ጥቁር ነገር ላይ የተጫጫረ ነጭ መስመር ብቻ።

"ምንድነው ይሄ?" ስለው፣ "የማይታዩ ነገሮች የሄዱበት መንገድ" አለኝ።

እዚያ አገር አንድ ትልቅ ማሽን አለ አሉ። ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን ውስጡ እያስሮጡ ፊት ለፊት ያላትሟቸዋል። ከግጭቱ የሚፈናጠሩት መስመር ጥለው ያልፋሉ፣ መስመሩ ፎቶ ይነሳል። ጋሼ ፎቶው ላይ ስስ ወረቀት ያነጥፍና መስመሩን ነጥብ በነጥብ ያወጣዋል። ከዚያ የቱ ከየት ተነስቶ በምን ፍጥነት እንደሄደ ከጉብጠቱ ያሰላል። ማግኔት ስላለ ወደ ግራ መጉበጥ የጀመረ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ነው፤ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄንን ነው። መቶ ፎቶ ነበር የተሰጠው። እዚያ ያለች አንዲት ሴት ያንኑ መቶ ለብቻዋ ትለካለች። የሁለቱ ሲገጥም ነው ሥራው ተቀባይነት የሚያገኘው።

ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ "ነይ ላስተምርሽ" ይለኛል። እርሳሱን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ማንጎ እየላጠልኝ ይጠይቀኛል።

"ይሄኛው ወዴት ጎበጠ?"

"ወደ ግራ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጋሼ፣ ፊትህ አይደል እንዴ!"

"አንቺ ንገሪኝ፤ አስተማሪው እኔ ነኝ።"

ወደ ለቅሶው ልመልስሽ። የጋሼ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ጌታቸው ከአዲስ አበባ መጣ፣ ካፖርት እንደለበሰ። አባባ አብዱረሂም አይተውት፣ "ልጄ፣ የጣርማ በርን ብርድ እኮ አልፈኸዋል፣ አውልቀው!" አሉት። እሱ ግን ላቡን እየጠረገ እናቴንና እኔን ጋሼ ይሠራበት ወደነበረው ክፍል ጠራን።

"እትዬ ዘይቱና፣ በለቅሶ መሃል ይቅርታ" አለ። "ሳልህ ከላከው መቶ ውስጥ ዘጠና ዘጠኙ ገጥሟል። ሰማንያ ስምንተኛዋ ፎቶ ግን አልገጠመችም። ምላሽ ካልሰጠን መቶውንም ይጥሉታል፣ ስሙም ከጥናቱ ይወጣል። ነገ ወደዚያ የሚበር ሰው አለ። እኔ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ካልተመለስኩ አልቆለታል።"

"ወንድሜ አልተሳሳተም" አለች እናቴ። "የተሳሳተችው ሴትዮዋ ናት። እንደዚያ ብለህ ጻፍ!"

እኔም አብሬያት ጮህኩ። ጋሼ? በፍጹም! ላረጋግጥ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አልኩ። የለቅሶ ባለቤት ሥራ ሲሠራ ታይቶ ያውቃል? ጓደኛዬ ሙሀባ በሩ ላይ ቆማ የመጣውን ሁሉ፣ "ፈሪሃ ራሷን አሟት ጋደም ብላለች" እያለች ትመልስልኛለች።

ፎቶዋና ጋሼ በእርሳስ ያሰመረበት ስስ ወረቀት ፊቴ ናቸው። ለካሁ፣ ጌታቸው ይዞት ከመጣው የሴትዮዋ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ደግሜ ለካሁ፣ አሁንም እንቢ። ሁለት መስመሮች ተሻግረው የሚያልፉበት ቦታ ላይ ስደርስ ሒሳቡ ይበላሽብኛል። ሰባት ሰዓት አለፈ። ላለቅስ ስል አባባ አብዱረሂም ውሃ ፍለጋ ገቡ።

"የምን ኮቴ ነው?" ብለው ጎንበስ አሉ።

"ኮቴ አይደለም አባባ..."

ማን ይሰማኛል! ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ፣ "ይቺ ግራ እግሯን የምትጎትት ናት፣ ወደ ግራ እየሳበች መጣች። ያቺኛዋ ወደ ቀኝ ትስባለች። እዚህ ጋ ተሻገሩ። አንካሳ መንገድ ስለተሻገረ ይድናል እንዴ? ይሄ እርሳስ የማን ነው?"

"የጋሼ።"

"እዚህ ሲደርስ የያዛትን ትቶ ሌላዋን ተከትሏል።" ቀና ብለው አዩኝ። "ይኸው፣ ዛሬም አህያዋን ይዞ መጣ።"

ልስቅ ብዬ አቃተኝ። ትክክል ናቸዋ! ግን ጋሼ ይሄን እንዴት ይስታል? ያስተማረኝ እሱ አይደል?

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ዓይኑ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ስኳሩ ዓይኑን ይዞት ነበር። ሰው ያያል፣ ቀጭን መስመር ግን ከመስከረም ወዲህ አያይም። ለፈሪሃ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል።"

ወረቀቶቹን አገላበጥኩ። ከመስከረም ወዲህ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። የሰማንያ ስምንተኛዋ ብቻ በእሱ፣ ያውም ተንጋዶ። ሚያዝያ አምስት። ማትሪክ የጀመርኩ ቀን! ለኋላ ብለን የተውናት እሷ ብቻ ነበረች፣ ፖስታው በማግስቱ መሄድ ነበረበት። ለካ ብቻውን ቁጭ ብሎ ታግሏል። ከፈተና ስመለስ፣ "ጨረስኳት፣ አሁን ስለ ፈተናሽ አውሪኝ" ነበር ያለኝ።

"እማዬ፣ ካረምኩት መሳሳቱ ይታወቃል" አልኳት።

"ስሙ ከሚጠፋ ስህተቱ ይታወቅ። አርሚው" አለች።

የእሱን እርሳስ አላጠፋሁትም። ከመሻገሪያዋ ጀምሬ አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ ወደ ግራ ወሰድኳት። ጌታቸው ቁጥሩን ከሴትዮዋ ቁጥር ጋር አስተያየና፣ "ገጠመ!" ብሎ ጮኸ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ።

"ምን ተገኘ?" አሉ ሴቶቹ ከድንኳኑ።

"ግመሏ!" አሉ አባባ አብዱረሂም።

እኛ ቤት እንደዚያ ቀን ተስቆ አያውቅም። ጌታቸው "የለኩት" የሚለው የቅጹ ቦታ ላይ የሁለታችንንም ስም አስጻፈኝ፤ ሳልህ፣ ከሥሩ ፈሪሃ። ፖስታውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።

ወረቀቱን ስነካካ አውራ ጣቴ በጋሼ እርሳስ ጠቁሯል። ሙሀባ የሻርፗን ጫፍ አርጥባ ልትጠርግልኝ ስትል እጄን ጨበጥኩት። አልጠረገችም፤ የጨበጥኩትን እጅ በሁለት እጇ ያዘችው።

"ለምንድነው ያልነገረኝ?" አልኳት።

ቃል በቃል እንዲህ አለችኝ፦ "ቢነግርሽ ፈተናውን ጥለሽ ትመጪ ነበራ! አያውቅሽም እንዴ?"