የደረቁ ውክልና

ታናሽ ወንድሜን ቤተሰቡ ሁሉ «ደረቁ» እያለ ነበር የሚጠራው። አንዴ እምቢ ካለ አገር ቢለምነው አይመለስም። ግዳጅ ሊሄድ ሲል ግን ፊቱ ላይ ፍርሃት አየሁ። ለራሱ አልነበረም የፈራው። ሴት ልጁ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለባት፤ እናቷ እሷን ስትወልድ አልፋለች። የቀዶ ጥገናዋ ተራ ሲደርስ የሚፈርምላት ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከጦር ሰፈሩ ለእኔ ውክልና አጽፎ መጣ። ወታደር መቼም አዛዡ ማኅተም የመታበት ወረቀት የማይከፍተው በር ያለ አይመስለውም። አብረን የሄድንበት የውክልና ቢሮ ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አነበበችው።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ እህትህ ንብረትህን እንድትጠብቅልህ ብቻ ነው።»

«‹በሁሉም ጉዳይ› ይላል እኮ!»

«እዚህ ‹ሁሉም› ብሎ ነገር የለም። እሷ ለልጅህ ሕክምና እንድትፈርምልህ ከፈለግህ በግልጽ ተጽፎ ፊቴ ትፈርማለህ። ዛሬ ግን ወረፋው ሞልቷል፤ ነገ ና።»

«ነገ መንገድ ላይ ነኝ።»

«እና ምን ላድርግህ?»

«እዚሁ እቆማለሁ።»

«ቆመህ ልታድር?»

«ጥበቃ ሥራዬ ነው።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። እጅጌውን ጎተትኩት። «ኧረ አታሳፍረኝ!»

«እታለም፣ አንቺ ዝም በይ።»

ሴትየዋ ምሳ በልታ ስትመለስ እንደ ምሰሶ ተገትሮ አገኘችው። «እንዲህ ያለ ድርቅና አይቼ አላውቅም!» ብላ መታወቂያውን ተቀበለችው። ቃል በቃል አስጻፈ፤ ቀዶ ጥገናው፣ ደሙ፣ ክትትሉ አልቀረውም።

ሐኪሞቹ ሲጠሩኝ ፈረምኩ። ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በደህና ወጣች። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ገና ሲቀራት የአባቷ መርዶ መጣ።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታችን ጠበቃው ጠጋ አለኝ። «እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ግን ውክልና ከሰጪው ጋር ነው የሚሞተው። በዚያ ወረቀት ከእንግዲህ መፈረም አትችይም።»

«ታዲያ በምን ልፈርም?»

«ፍርድ ቤት ሞግዚት ያድርግሽ። ብቻ መጀመሪያ እንባሽ ይድረቅ።»

«እንባዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ጥቁሬን እንደለበስኩ ልጅቷን ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሐዘን ላይ ነሽ መሰለኝ፤ ሌላ ቀን ብትመጪ አይሻልም?»

«ዛሬ ይመዝገብልኝ» አልኩት። «የልጅቷ ተራ ሐዘኔን አይጠብቅም።»