ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ታናሽ እህቴ አልጋ ላይ ከዋለች ሳምንታት አልፈዋል። ምጥ ያለጊዜው እንዳይመጣባት «ተኝተሽ ጠብቂ» ተብላ፣ ምግቧም እጥበቷም ፖፖዋም እዚያው አልጋው ላይ ሆኗል። ሐኪሟ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስጨቀጭቀው እጁን ዘርግቶ «እኔ ምን ላድርግ? መመሪያው ነው። ኮሚቴያችሁ ይቀይረውና ዛሬውኑ አስነሳታለሁ» አለኝ።

ኮሚቴው አምስት ሐኪሞች ነን። ከእያንዳንዱ የሕክምና ምክር ጀርባ ያለውን ማስረጃ እየመዘንን፣ ከ«ከፍተኛ» እስከ «በጣም ዝቅተኛ» ደረጃ እንሰጣለን። እኔን «ከማን ጋር» ይሉኛል። አንድ ነገር አዳነ በተባለ ቁጥር «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» እያልኩ ስለማደርቃቸው ነው። ቤት ውስጥም ያው ነኝ፤ እናቴ በዚህ አመሌ ስንት ጊዜ ከማድቤት አባራኛለች።

የእርግዝና ምክሮች ተራ ሲደርስ ደሜ እንደፈላ ገባሁ። ሰብሳቢያችን ሁላችንንም ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ «አባባ» ነው የምንላቸው። አንድ መጥፎ ልማድ አለን፦ መጀመሪያ እሳቸው ደረጃውን ይናገራሉ፣ እኛ ተከትለን እጅ እናወጣለን።

«የአልጋ ዕረፍት። ሰባት ጽሑፎች ይደግፉታል። ከፍተኛ እንበለው?» አሉ አባባ። ሁለት እጆች ወዲያው ተነሡ።

«ይቅርታ አባባ» አልኩ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳውቅ። እህቴ በዚሁ ምክር ተኝታለች። ደንባችን ጉዳዩ የሚነካው ሰው ድምፅ አይስጥ ይላል፤ ስለዚህ አልሰጥም።»

ያችን ድምፅ እንዴት እንደምፈልጋት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን እህቴን በማጭበርበር ባስነሳት፣ ነገ የእኔን ምዘና ማን ያምነዋል?

«ማስረዳት ግን አልተከለከልኩም» ብዬ ጨመርኩ።

«ቀጥይ እስቲ፣ ከማን ጋር።»

ጽሑፎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። «ይኼ የሚጠቅሰው ያንን ነው። ያ ደግሞ ይኼንን። እየተቀባበሉ መጥተው ሁሉም አንድ ጽሑፍ ላይ ያርፋሉ። እኛ ሰባት ብለን ቆጠርነው እንጂ ያለው አንድ ነው። እዚያ ውስጥ ያሉት እናቶች በሙሉ ተኝተዋል። አብዛኞቹ በሰላም ወልደዋል፤ ከማን ጋር ሲነጻጸር? ባይተኙስ አይወልዱም ነበር? እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን አስተኝተው ግማሾቹን እንደልባቸው የተዉ ጥናቶች አሉ። ትንንሽ ናቸው፣ አልደብቅም። ግን የመተኛት ጥቅም አላዩም። ያዩት የመነመነ እግር ነው።»

ያንን አንድ ጽሑፍ ማን እንደጻፈው እናውቃለን። በጎልማሳነታቸው አባባ ራሳቸው ናቸው።

ፈራሁ። የሕመምተኛ ደረት ማዳመጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ዓይኔን አልሰበርኩም።

አባባ ጽሑፋቸውን አንሥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ያኔ ‹ከማን ጋር› የሚለኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «እንግዲህ እኔንም ጉዳዩ ይነካኛል። ድምፅ አልሰጥም። ከዛሬ ጀምሮም መጀመሪያ አልናገርም።»

የቀሩት ሦስቱ ናቸው። አንዷ «ለጥንቃቄ ቢተኙስ ምን አለበት?» ብላ ሞገተች፤ ስለ እግሩ ደግሜ ነገርኳት። በመጨረሻ ሦስቱም «በጣም ዝቅተኛ» አሉ። ምክሩ ከመመሪያው ወጣ።

ሐኪሟ ቃሉን ጠበቀ። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ እህቴ ወደተኛችበት ወደ እናቴ ቤት በረርኩ።

«ስለዚህ ብነሣ ልጄ ምንም አይሆንም ማለት ነው፣ እታለም?» አለችኝ እህቴ።

ልዋሽላት ቃጥቶኝ ነበር። «እሱን ማንም አያውቅም፣ የኔ እናት። ግን መተኛትሽ እንደሚጠብቀው የሚያሳይ ነገር የለም። አንቺን ግን እየጎዳሽ ነው።»

ሆዷን ይዛ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፋ አድርጋ «ደግፊኝ» አለች።

ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ ትከሻዬን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ተራመደች። ወደ መስኮቱ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። መጸዳጃ ቤት ደረስን። እጄን ለቀቀችና ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

እናቴ ፖፖውን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «አንቺ! ክፈቺ! ሰው ባልጠፋበት ቤት ብቻሽን? እኔ አጠገብሽ ብሆን አይሻልሽም?»

ከውስጥ የሽንት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ረጅም የእፎይታ ትንፋሽ። ከዚያ እህቴ መለሰች።

«ከማን ጋር ሲነጻጸር?»