የፊሊፓ ጃኬት

ጃኬቱ ላይ ያለውን የእጥፋት መስመር ያየሁት የቴሌቪዥኑ ፕሮግራም ሊያልቅ ሲል ነው። ከሱቅ እንደወጣ፣ ሳይተኮስ የተለበሰ። እኔ ቤት ያልተተኮሰ ልብስ ከበር አይወጣም፤ በተቀረጸበት ቀን ልጄን ኪራንን ያስወጣሁት በነጭ ሸሚዝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን እዚህ አገር ሐምሌ በጋ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ ይታያል። ከሥሩ በከተማችን ስም «የሳልፎርድ ቁጡ ልጆች» የሚል ጽፈውበታል።

ፕሮግራሙ ላይ የዘፈነውን ዘፈን ራሱ የጻፈው የሰፈራችን የወጣት ማዕከል ሲዘጋ ነው። «‹ሰፈሩን እናቃጥላለን› እንድንል ትጠብቃላችሁ፤ መብራቱን የምንጠግነው እኛ ነን» ይላል። እነሱ ቆርጠው ያስተላለፉት «ሰፈሩን እናቃጥላለን» የሚለውን ብቻ። አራት ጊዜ ደጋገሙት።

ገና ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ስለሆነ የፈቃዱን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ፊሊፓ የምትባለው የቴሌቪዥን ሴትዮ ሻዬን ጠጥታ፣ መጋረጃዬን አድንቃ ወረቀቱን ስትዘረጋልኝ፣ እንግዳ አስቀምጬ ማንበብ አፈርኩ።

ጎረቤቴ ዶሪን ከበረንዳዋ ጮኸች።

«ኮከቡ የታለ? ብስክሌቴን ላስገባ ወይስ ከእሳቱ ይተርፋል?»

«መጀመሪያ ምላስሽን አስገቢ!»

ስልኩ ጠራ። ሃርግሪቭ ነው፤ ኪራን ከሰኞ ጀምሮ የሊፍት ጥገና ሊማርበት የነበረው ድርጅት ባለቤት።

«ሰኞ እንዳይመጣ። ደንበኞቼ አሮጊቶች ናቸው፤ አይተውታል፤ በር አይከፍቱለትም።»

«ጃኬቱ እኮ የሱ አይደለም!»

«ታዲያ ባለቤቱ ይንገረኛ» ብሎ ዘጋው።

ኪራን ገብቶ ሁሉንም ስነግረው ግድግዳውን በክርኑ መታው።

«ከመኪናዋ አውጥታ ነው ያለበሰችኝ። ነጩ ሸሚዝ ካሜራ ላይ ያንጸባርቃል አለች።»

«አንተስ እሺ ትላለህ?»

«አንቺስ ትፈርሚያለሽ፣ እማ?»



ማታ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እዚህ በበጋ እንደሚሆነው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ በሩ ተንኳኳ። ፖሊስ መሰለኝ። ስከፍት ፊሊፓ ናት፤ አበባ ይዛ፣ ካሜራ የተሸከመ ሰውዬ አስከትላ።

«ሕዝቡ እኮ ጉድ አለ! ሁለተኛ ክፍል ልንሠራ ነው። አሁን ደግሞ የእናት ስሜት…»

ወደ ሃርግሪቭ ደውዬ ስልኩን አፏ ሥር ደቀንኩት። «‹ጃኬቱ የኔ ነው› በዪው። ሌላ አልፈልግም።»

«የኔ እመቤት፣ መሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይፈቅድም።»

«ሃሎ?» ይላል ሃርግሪቭ። «ሃሎ?»

ፊሊፓ ከንፈሯን ገጠመች። ኪራን ቡጢውን ጨብጦ ከኋላዬ ሲመጣ ግን ዓይኗ በራ፤ ሰውዬውን በጣቷ ጠቀሰችው። ካሜራው ተነሣ።

«ወደ ውስጥ!» ብዬ ልጄን በትከሻዬ ገፋሁት። በሩን ፊቷ ላይ ደረገምኩት።

«የማን ድምፅ ነበር?» አለ ሃርግሪቭ።

«የጃኬቱ ባለቤት። መናገር አልፈለገችም።»

«እንግዲህ ይቅርታ፣ ሰኞ አይሆንም።»

ፊሊፓ አበባውን በሩ ላይ ባለው የደብዳቤ ማስገቢያ ቀዳዳ እየገፋች «አንድ ደቂቃ ብቻ!» ትላለች። ቅጠሉ ምንጣፌ ላይ ተበተነ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞርኩት።