ጋቢና ስንት ሰው ይይዛል

«ልቁረጠው ወይስ ልተወው?» አለ መካኒኩ ሁመድ፣ የብረት መቁረጫውን እንደያዘ። «ጠዋት መብራት አልነበረም፤ አሁን መጥቷል። ከሄደ ደግሞ ለነገ ነው።»

ሸዋዓለም በሮቿ በተፈቱባት አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ አንገቷን አስገብታ ታያለች። መሪው አለ፣ ዳሽቦርዱ አለ፤ ወንበሩ ግን የለም።

«ወንበሩ የት ሄደ ጋሽ ሁመድ?»

ሁመድ በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆማት። ሦስት ሰው የሚያስቀምጠው ረጅሙ ወንበር ላስቲክ ለብሶ ግድግዳውን ተደግፏል። ሰማያዊ ቆዳ ከለበሰ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄዳ፣ ነጋዴውን እስኪሰለቸው ጥቅል ቆዳ ሁሉ አስወርዳ ያንን ሰማያዊ የመረጠችው ልጇ ማሂ ናት።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚቆረጠው?»

«ይኼ ነዋ።» ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋውን ብረት በመዶሻ ኳ አደረገው። «ረጅሙ ወንበር የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሁለቱ ከሌላ ሞዴል የተፈቱ ስለሆኑ ቀዳዳቸው አይገጥምም። ይኼን አንስቼ ሌላ እግር ልበይድላቸው ነው። አንዴ ከተቆረጠ ግን ረጅሙ ተመልሶ አይገባም። ለዚህ ነው ሳልጠይቅ እጄን የማላሳርፍበት። ባልሽ በሱፍቃድ ስልክ አላነሳ ሲለኝ አንቺ ጋ ደወልኩ።»

«እነዚያ» ያላቸው ሁለት ጥቁር ወንበሮች ከአንድ የተገለበጠ ፒክአፕ የወጡ ናቸው። ለየብቻቸው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል።

«ሁለት» አለች ሸዋዓለም።

«አዎ። አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ላንቺ።»

ፒክአፗ የባሏ አባት የአቶ ገብረጊዮርጊስ ነበረች። ሽማግሌው ከሞቱ በኋላ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ኖረች። በሱፍቃድ ከክረምት ጀምሮ ግማሽ ደመወዙን እያጎረሰ ነው ነፍስ የዘራባት። በሯ ከአንዷ ቢጤዋ፣ መስተዋቷ ከሌላዋ ተለቅሞ፣ ምስኪን አካሏን ለምና ዳነች። ይኼ ሁሉ ለመጪው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን የአባቱ ሙት ዓመት ይዘከራል፤ በሱፍቃድም አባቱ በነዷት መኪና እናቱ ደጅ ሊቆም ነው።

ማሂም ሥራ አልፈታችም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራው እየመጣች መብራቶቿን ስትወለውል ትውላለች። አንድ ቀን በሱፍቃድ ብድግ አድርጎ ረጅሙ ወንበር ላይ አስቀመጣትና «የዚች ማርሽ መሪው ላይ ስለሆነ መሀሉ ሰፊ ነው። መሀሉ ያንቺ ነው» አላት። ሸዋዓለም ባሏን እንደዚያን ቀን ወዳው አታውቅም። ማሂን የወለደችው ከሞተው የመጀመሪያ ባሏ ነው። በሱፍቃድ ሲያገባት ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር፤ «አባቢ» ለማለት አንድ ወርም አልፈጀባት።

የጋራዡ ግቢ በር ተንኳኳና በሱፍቃድ ገባ። ሚስቱን ሲያይ እርምጃው ተገታ።

«ሸዋዬ! ምነው፣ ከሥራ ወጣሽ?»

«አስፈቅጄ ነው። ጋሽ ሁመድ ሊቆርጡ ነው።»

«እሱማ ነግሬያቸዋለሁ። ያኛው ያረጀ ነው፤ ስፕሪንጉ አልቋል። እነዚህ ቀበቶም አላቸው፤ ለረጅም መንገድ ይሻላሉ።»

«ስፕሪንጉን እኮ ቀይሬዋለሁ» አለ ሁመድ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የገባው። የብረት መቁረጫውን አስቀምጦ «እስቲ እኔ ሻይ ልጠጣና ልምጣ» አለ።

«ይቆዩ ጋሽ ሁመድ» አለች ሸዋዓለም። ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም። «ማሂ የት ነው የምትቀመጠው?»

«ማሂ... ቅዳሜ እኮ ማጠናከሪያ ትምህርት አላት።»

«የላትም።»

«እህትሽ ጋ ብትውልስ? ልጅ ነች፤ መንገዱ ይሰለቻታል። ከኋላ እንዳንጭናት ብርዱ...»

«በሱፍቃድ።»

ስሙን ሳታቆላምጥ ስትጠራው አንገቱን ደፋ። ጥፋቱን የማያውቅ ሰው አይመስልም። ከአጥሩ ማዶ አንድ ታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ይጮኻል።

«እማዬ ናት» አለ በመጨረሻ። «ለዘመድ አልተናገረችም። ስንጋባ... ልጅ እንዳለሽ። አሁን ያ ሁሉ ሰው ይሰበሰባል። ‹የማን ናት?› ሲሉ ምን ልበል? ብላ አለቀሰችብኝ።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«ዛሬ ነገ ስል...»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የበሱፍቃድን ሆድ ያወጣው ግን ወንበር ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱን ማስቀየም አልቻለም፤ ሚስቱን ፊት ለፊት ማየት አልቻለም፤ ስለዚህ ተገላገልኩ ብሎ በእሱ ፈንታ የሚናገርለት ወንበር ገዛ። ቅዳሜ ጠዋት እጁን ዘርግቶ «ምን ላድርግ፣ ጋቢናው ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው» ሊል ነበር። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ አንዱን ላለማስቀየም ሌላውን ያስቀራል።

«በአፍህ ያቃተህን በወንበር ነገርከኝ» አለች ሸዋዓለም። «እኔን ያሳመሙኝ እናትህ አይደሉም። እሳቸው አያውቋትም። አንተ ግን መሀሉን ሰጥተሃት ነው የቀማሃት።»

በሱፍቃድ ፊቱ ቀላ። ወደ ግድግዳው ሄዶ የረጅሙን ወንበር ላስቲክ መግፈፍ ጀመረ።

«ይቅር። ይመለስ በቃ! ጋሽ ሁመድ፣ ይኼኛውን መልሱት። እንሄዳለን፣ ሦስታችንም።»

ሸዋዓለም ደረቷ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ቀለላት። ደግ ነው፣ ተሳስቶ ነው፣ አለች በልቧ። እጁን ልትይዘው አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«ማሂንም እኔ አስረዳታለሁ» አለ በሱፍቃድ፣ ላስቲኩን እየጠቀለለ። «ጎበዝ ልጅ ናት። የእህትሽ ልጅ ናት እንላለን። ለአንድ ቀን ብቻ። አንቺንም እቴቴ ብላ ትጠራሻለች፣ ምን አለበት?»

እርምጃዋ እዚያው ቀረ። ሁመድ መሬት መሬቱን አየ። የእሷን እጅ ጨብጣ፣ የሰው ግቢ መሀል ቆማ፣ እናቷን «እቴቴ» የምትል ማሂ ታየቻት። ልጅቷ ታደርገዋለች። አባቢ ካላት ሳትስት ታደርገዋለች። ሸዋዓለምን ያስፈራት ይኼ ነው።

«ጋሽ ሁመድ» አለች። «ይቁረጡት።»

«ምን?» አሉ ሁለቱም።

«ይቁረጡት። ግን የሾፌሩን ወንበር ብቻ ይግጠሙለት።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ይቅር። ብቻውን ነው የሚሄደው።»

በሱፍቃድ የጠቀለለውን ላስቲክ ይዞ ቆመ። «ሸዋዬ፣ እንዲህ አትበይ። ሰው ምን ይለኛል? ሚስትህስ ሲሉኝ?»

«ለዚህም አንድ ነገር ትላላችሁ፤ ታውቁበት የለ።»

ወጥታ ከመንገድ ሁለት ተሸካሚዎች ጠራች። ሰማያዊውን ወንበር አስነሳችና ተከትላቸው ወጣች። ከኋላቸው የብረት መቁረጫው ድምፅ እስኪጀምር እየሄደች ጆሮዋን ጣለች፤ መኖሪያቸው ልደታ ኮንዶሚኒየም እስኪደርሱ ድረስ አልሰማችውም።

ተሸካሚዎቹ ደረጃውን ከመውጣታቸው በፊት ወንበሩን ግቢው ውስጥ አሳርፈው ላባቸውን ጠረጉ። ጎረቤት በየበረንዳው ብቅ ብቅ አለ። ማሂ ከትምህርት ቤት ስትገባ ያንኑ አየች፤ ቦርሳዋን እያንገጫገጨች ሮጠች።

«ጋቢናው ወጣ እንዴ?» አለች እየሳቀች፣ ሳትጠራም ሄዳ መሀሉ ላይ ዘፍ አለች። እግሯን አጣምራ ቀኝና ግራዋን ክፍት ተወችው።

ሸዋዓለም በቀኟ ተቀመጠች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጠራ፤ አቆመ፤ ደግሞ ጠራ።

«አባቢስ?» አለች ማሂ፣ በስተግራዋ ያለውን የሾፌሩን ቦታ እየደባበሰች።

ሸዋዓለም ቦታውን አየችው። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ቀላሉ ውሸት ምን እንደሚያስከፍል ዛሬ አይታለች።

«ቅዳሜ አያትሽ ጋ አንሄድም» አለች። «ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ሁሉንም፣ እንዳለ።»

የሚጠራውን ቦርሳ ከጭኗ ላይ አነሳችና በልጅቷ ማዶ፣ በሾፌሩ ቦታ ላይ አስቀመጠችው።