ፓምፑና የወረቀቱ መስመር

አህመዲን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያያል። ፓምፑ ይጮኻል፤ ውሃው ግን እንደሚገባው አይወርድም።

እህቱ ኡምኩልሱም ጅዳ ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ መካነ ሰላም ላይ ያሠራችው ፔንሲዮን ከመንገዱ በታች ተዳፋት ላይ ነው። የመጸዳጃ ቤቱና የመታጠቢያው ፍሳሽ ግቢው ጥግ ካለው ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ፓምፑ ሽቅብ ገፍቶ ላይኛው ታንከር ያደርሰዋል። ፓምፑን አዲስ አበባ ሄዶ የገዛው አህመዲን ነው። ዓመት ሳይሞላው ጉድጓዱ እየገነፈለ እንግዳ አባረረ። ኡምኩልሱም ለእረፍት መጥታ ይህን ስታይ ከደሴ ባለሙያ አስጠራች። ወንድሟን ለብቻው አድርጋም፣

«ጋሼ፣ አታለው ሸጠውልህ ከሆነ ምንም አይደል» አለችው። «አውቀህ ርካሹን ገዝተህ ከሆነ ግን ቤቱን ላንተ ትቼ አልሄድም።»

«አውቀህ» ማለቷ እህል አላስቀምሰው አለ።

ባለሙያው በፍቃዱ ወሬና ሳቅ የሚወድ ወጣት ነው። ከፓምፑ ጋር የመጣውን ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቱ ላይ ቁልቁል የጎበጠ መስመር አለ።

«ጋሼ፣ በዚህ ከፍታ ሲገፋ በሰከንድ ስድስት ሊትር አነሳለሁ ይላል። እውነቱን ይሁን አይሁን እናያለን።»

የክፍሎቹን ቧንቧ ሁሉ አስዘጋ። ምልክት ያለበት እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ አቆመ። ፓምፑን አስነስቶ፣ ውሃው በስንት ጊዜ ምን ያህል እንደወረደ በስልኩ ያዘ። የግፊት መለኪያው ልክ ወረቀቱ ያለውን አሳየ። ውሃው ግን ሲሰላ አራት ሊትር ብቻ ሆነ።

«መብራቱ ደክሞ ይሆናል» አለ አህመዲን።

በፍቃዱ ለካው። መብራቱ ደህና ነው። ፓምፑን አውጥቶ ፈታው። የተበላ ነገር የለም፤ የተጠመጠመ ጨርቅም የለም። ይህ ሐሙስ ቀትር ላይ ነበር። ምሳ በልተው፣ መልሰው ገጥመው ለኩ። ስድስት ሊትር። መስመሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አሁን ምን ነክተው ነው?» አለ በፍቃዱ።

«ወላሂ፣ ጣቴን አላሳረፍኩበትም።»

ኡምኩልሱም ከበረንዳው ታያለች። አህመዲን ደስ ይበለው ወይስ ይፍራ ግራ ገባው። ፓምፑ ደህና ከሆነ ቀትር ላይ ምን ነክቶት ነበር? ብልሽት ካለበትስ ከሰዓት ማን አዳነው?

አርብ ሊደግሙት ተነሱ። መብራት ጠፍቶ ሲጠብቁ፣ የመጣው ቀትር ላይ ነው። አዛን ሲል አህመዲን በፍቃዱን ትቶ ከመንገዱ በላይ ወዳለው መስጊድ ወጣ። ሰዉ ብዙ ነው፤ ወረፋ ይዞ እጅ እግሩን ታጥቦ ውዱእ አደረገ። ነገሩን አላህ እንዲገልጥለት ለምኖ ተመለሰ።

በፍቃዱ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ፓምፑም ተከትሎዎት ጁምዓ ሄዷል» አለ። «ይሽከረከራል፣ ይገፋል፤ ውሃው ግን ንቅንቅ አላለም። ትናንት ከሰዓት እርስዎ ሲኖሩ ሠራ፣ ዛሬ ሲሄዱ አመፀ። ምን ደግመውበት ነው?»

አህመዲን ሊስቅ ሲል እህቱን ከበፍቃዱ ኋላ አያት። አትስቅም።

«መቼ ነው የለካኸው?» ብላ ጠየቀች።

«አዛን ሲል ጀምሬ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም እንደዚያው።»

ፊቷ ተለወጠ። ወንድሟን በዓይኗ ጠርታ ልብስ ከተሰጣበት ኋላ ወሰደችው።

«አምና ለረመዳን መጥቼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የመስጊዱ የውዱእ ውሃ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ሽማግሌ ሲወድቅ አየሁ። አንተ ፓምፑን ልትገዛ ሄደህ ነበር። በመሬት ውስጥ ቧንቧ አስቀብሬ ወደኛ ጉድጓድ አስገባሁት። ከሥር ስለሚገባ አይታይም። ለአላህ ብዬ የሰጠሁት ሰደቃ ነው፤ እንዳይወራ ብዬ ላንተም አልነገርኩም።»

አህመዲን በልቡ አሰላው። ፓምፑ ስድስቱን ሲያነሳ የምእመኑ ውሃ ከሥር ይሞላል ማለት ነው። እርሱም ስሜን አጥራልኝ ብሎ እግሩን ያጠበበት ውሃ እዚያው ወርዷል።

«ትናንት አልገባሽም ነበር?»

«አሁን ነው የገባኝ» አለች። መሬት መሬት እያየች ስለነበር እውነቷን ይሁን አይሁን አልለየም። «ለልጁ ንገረው። ስምህ ይጥራ።»

አህመዲን በፍቃዱን አሻግሮ አየው። ይህ ልጅ ከሰማ ሰደቃዋን ደሴ ሳይደርስ አውቶቡሱ ሙሉ ይሰማል። ተመልሶ፣

«አሁን ለካው» አለው።

ሰጋጁ ተበትኗል። ስድስት ሊትር ሆነ።

«ሳይነግሩኝ አልሄድም!»

«ጓሮ የልብስ ማጠቢያው ወፍራም ቧንቧ አለ። ዝጋ ስትለኝ እርሱን ረስቼው ኖሯል።»

«ትናንት ከሰዓትስ?»

«ያን ጊዜ ዘግቼው ነበር። ዛሬ ደግሞ ረሳሁት።»

በፍቃዱ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «ሁለት ቀን ሙሉ! ጋሼ፣ ይህን ደሴ ሳላወራ አላድርም።»

«አውራ።»

«ፓምፑ ምንም አይወጣለትም። ጥሩ ዕቃ ነው የገዙት። እርስዎን ነው መፈተሽ የነበረብኝ።»

«ቀትር ላይ ውሃ የሚበዛብን ከሆነስ?»

«ያኔ ሁለተኛ ፓምፕ ያስፈልጋችኋል። ቧንቧ የሚዘጋ ሰውም እንዲሁ።» እየሳቀ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ኡምኩልሱም መጥታ ከጎኑ ቆመች። ሁሉንም ሰምታለች።

«ማክሰኞ እሄዳለሁ» አለች። «ቤቱ አንተ ዘንድ ነው።»

«ሁለተኛ ፓምፕ ይገዛ እንግዲያ።»

«ግዛ።»

ስለ ትናንቱ ደግሞ ሊጠይቃት አሰበ። ከዚያ ተወው፤ የጉድጓዱን ክዳን በአንድ በኩል ያዘ፣ እርሷም በሌላው በኩል ያዘችለት።